ዕዳው ገብስ አይደለም፤ ግን ያልቃል

ከሜይላንድ ሃይትስ፣ ካልጋሪ (ካናዳ)

ስለ አገር ዕዳ ሲነሳ ሁላችንም አስተያየት አናጣም። መንግሥት ከማን ስንት እንደተበደረ፣ ገንዘቡ የት እንደገባ፣ ነገ ማን እንደሚከፍለው እስኪነጋ እንከራከራለን። ስለ ገዛ ኪሳችን ዕዳ ግን አፋችንን አንከፍትም። የክሬዲት ካርዱ ደብዳቤ ሲመጣ ሳንቀደው መሳቢያ ውስጥ እንከተዋለን፤ ስልኩ በማናውቀው ቁጥር ሲጠራ ድምፁን እናጠፋለን፤ ቅዳሜ ሠርግ ቤት ስንገናኝ ደግሞ «ኑሮ እንዴት ነው?» ስንባል «እግዚአብሔር ይመስገን» ብለን እናልፋለን።

ዛሬ የምናነሳው ይህንኑ ነው። የገንዘብ አያያዝ ትምህርት ልንሰጥ አልተነሳንም፤ እሱማ በየባንኩ ደጃፍ በራሪ ወረቀቱ ሞልቷል። ጥያቄያችን ሌላ ነው። ዕዳውን ለመክፈል ቆርጦ የተነሳ ሰው በሦስተኛው ወር፣ በስምንተኛው ወር፣ በሁለተኛው ዓመት ለምን ይዝላል? ጉልበቱንስ ከየት ያገኛል? የመልሱ ግማሽ ከአገር ቤት ይዘነው በመጣነው ልማድ ውስጥ አለ ብለን ስለምናምን ነው ብዕራችንን ያነሳነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ ሌላ ካልተባለ በቀር ዶላሩም የካናዳ ነው።)

ከአውሮፕላን ሲወርዱ የሚጀምር ዕዳ

ሜይላንድ ሃይትስ በካልጋሪ ሰሜን ምሥራቅ ያለ ኮረብታማ ሰፈር ነው። በስተ ሰሜን 16ኛው አቬኑ፣ ማለትም ትራንስ ካናዳ የተባለው አውራ ጎዳና፣ በስተ ምዕራብ ደግሞ ዲርፉት ትሬይል ያዋስኑታል። ከኮረብታው ጫፍ ሆኖ ወደ ምዕራብ ለሚመለከት ሰው የመሐል ከተማው የነዳጅ ኩባንያዎችና የባንኮች ፎቆች ወለል ብለው ይታያሉ። በስተ ደቡብ ሲወርዱ የመጋዘኖችና የፋብሪካዎች ቀጠና ነው። እንግዲህ ስደተኛው ከነዚህ ከሁለቱ መሐል ይኖራል ማለት ነው፤ ጉልበቱን የሚሸጠው እታች መጋዘኑ ውስጥ ነው፤ ዕዳው የሚመዘገበው እዚያ ማዶ ፎቁ ላይ ነው።

በዚህ ከተማ ከሚኖሩ ወገኖቻችን ብዙዎቹ ኑሮን የጀመሩት ከዜሮ ሳይሆን ከዜሮ በታች ነው። ከካርቱም፣ ከናይሮቢ ወይም ከካይሮ በስደተኛነት ተመርጦ ወደ ካናዳ የሚመጣ ሰው ለአውሮፕላን ጉዞው የሚወጣው ገንዘብ አብዛኛውን ጊዜ ስጦታ ሳይሆን ብድር ነው። ይህ የካናዳ መንግሥት የጉዞ ብድር በ1951 የተጀመረ ሲሆን መጀመሪያ የታሰበውም ከአውሮፓ ለሚመጡ ሰዎች ነበር። ባልና ሚስት ከሦስት አራት ልጆች ጋር ሲመጡ ዕዳው በሺዎች ዶላር ይቆጠራል። የሚፈርሙት ገና መጠለያ ጣቢያ ሳሉ፣ ዶላሩ በሥራ ሰዓት ሲመነዘር ስንት ቀን እንደሚሆን ሳያውቁ ነው።

እስከ 2018 ድረስ ክፍያው የሚጀምረው ሰውየው ካናዳ በገባ በ30 ቀን ውስጥ ነበር፤ ከተወሰነ ጊዜ በኋላም ወለድ ይታሰብበት ነበር። በየካቲት 2018 መንግሥት ወለዱን አስቀረ፣ የመጀመሪያው ክፍያ ከ1 ዓመት በኋላ እንዲሆን ፈቀደ፣ የመክፈያ ጊዜውንም በ2 ዓመት አራዘመ። ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። ልብ በሉ፣ ይህን ብድር ከወሰዱ ስደተኞች ከመቶ ከ90 በላይ የሚሆኑት ይከፍላሉ። ምንም ሳይኖረው የመጣው ሰው ቃሉን ጠባቂ ሆኖ መገኘቱን በየጊዜው «ስደተኛ ሸክም ነው» ለሚሉት ሰዎች ማስታወስ ይገባል።

ነገር ግን የጉዞ ብድር ከሌላው ዕዳ የሚለይበት አንድ ነገር አለ። ክፍያውን ያቋረጠ ወይም ያዘገየ ሰው ቤተሰቡን ወደ ካናዳ ለማስመጣት ዋስ ሊሆን አይችልም። ኪሳራ ያወጀና ገና ነፃ ያልተባለ ሰውም እንዲሁ። ይህን ሳያውቁ «መንግሥት ሀብታም ነው፣ ይቆየው» ብለው የስልክና የመኪና ዕዳቸውን የሚያስቀድሙ አሉ። ኋላ የሚስታቸውን ወይም የልጃቸውን ማመልከቻ ሊያስገቡ ሲሉ ያ የተረሳ ክፍያ ደጃፍ ላይ ተገትሮ ይጠብቃቸዋል። እንግዲህ ዕዳ ለኛ ቁጥር ብቻ አይደለም። አዲስ አበባ ወይም ደሴ ተቀምጣ «መቼ ነው የምንመጣው?» በምትል ሚስትና በባሏ መካከል የሚቆም ግድግዳ ሊሆን ይችላል።

የማይታየው ቁራኛ

በአገራችን እስከ 20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ ቁራኛ የሚባል ሥርዓት ነበር። ባለገንዘብና ባለዕዳ የነጠላቸው ጫፍ ተቋጥሮ ወይም በሰንሰለት ተያይዘው፣ ጉዳያቸው በዳኛ ፊት እስኪያልቅ ድረስ አብረው ይሄዱ፣ አብረው ይቀመጡ ነበር። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን አዲስ አበባን ያዩ የውጭ አገር ሰዎች በግርምት ጽፈውበታል፤ ፎቶግራፍም አንሥተውታል። ሥርዓቱ ቀርቶ ቃሉ ግን አልጠፋም። ዛሬም አንድን ሰው ነቅተን ስንጠብቅ «በዓይነ ቁራኛ» እንላለን።

ያ ሥርዓት ጨካኝ ነበር፤ ይመለስ የሚል የለም። ይሁንና አንድ ነገር ነበረው። ቁራኛ ሰው ሁሉ ያየዋል። ባለዕዳው ከማን ጋር እንደታሰረ ያውቃል፣ አበዳሪውም አብሮ ይታሰራል፣ መንገደኛውም «ምንድን ነው ነገሩ?» ብሎ ይሸመግላል። የዛሬው ቁራኛ ግን አይታይም። የታሠርነው በፕላስቲክ ካርድ ነው። አበዳሪው ፊት የለውም፤ ቶሮንቶ ያለ ኮምፒዩተር ነው። ሸምጋይም የለም፤ ምክንያቱም ማንም አያውቅም።

እኛ አገር ቤት በመንግሥት ጋዜጣ አዘጋጅነት ስንሠራ ዕዳችን በባለሱቁ የዱቤ ደብተር ላይ ነበር። ስኳሩ፣ ሳሙናው፣ ሲጋራው፣ ዘይቱ በስማችን ሥር ይጻፋል። ደመወዝ በወጣ ማግስት ሄደን ስንከፍል ባለሱቁ እስክሪብቶውን አንሥቶ ከላይ እስከ ታች መስመር ይጥልበታል። ያ መስመር ሲሰመር እዚያው ቆመን እናየው ነበር። ዕዳው ትንሽ ነው፤ በነጋታው ሌላ ይጀመራል፤ ቢሆንም መስመሩን ማየት ራሱን የቻለ ደስታ ነበረው። በሰው ፊት አለቀ፤ በቃ!

በስደት የጠፋን ያ መስመር ነው።

«ዝቅተኛ ክፍያ» የሚሉት ወጥመድ

ክሬዲት ካርድ የሚልከው ወርኃዊ ሂሳብ ላይ ሁለት ቁጥር አለ። አንዱ ያለብን ጠቅላላ ዕዳ ነው። ሌላው «ዝቅተኛ ክፍያ» ይባላል፤ ቢያንስ ይህን ክፈሉና ወሩን በሰላም እለፉ ማለት ነው። ስሙ ደግ ይመስላል። እስቲ ሂሳቡን እንየው።

አንድ ሰው በ19.99 በመቶ ወለድ 5,000 ዶላር ዕዳ አለበት እንበል። በመጀመሪያው ወር ወለዱ ብቻ 83 ዶላር ገደማ ነው። ሰውየው በወር 100 ዶላር ቢከፍል ከዋናው ዕዳ የሚቀነሰው 17 ዶላር ብቻ ነው! በዚህ አካሄድ ካርዱን ሌላ ሳንቲም ሳያስነካ ለመጨረስ 9 ዓመት ይፈጅበታል፤ በጠቅላላው የሚከፍለውም ወደ 10,800 ዶላር ነው። በወር 150 ቢከፍል በ4 ዓመት ገደማ ይጨርሳል፤ ድምሩ ወደ 7,350 ይወርዳል። በወር 200 ቢከፍል ደግሞ 3 ዓመት አይሞላውም፤ ድምሩም 6,500 ገደማ ይሆናል። በወር 100 ዶላር መጨመር 6 ዓመት የሚሆን ዕድሜና ከ4,000 ዶላር በላይ ያተርፋል ማለት ነው።

ከ2010 ጀምሮ የካናዳ ሕግ ዝቅተኛውን ብቻ ብትከፍሉ ዕዳው በስንት ጊዜ እንደሚያልቅ ሂሳቡ ላይ እንዲጻፍ ያስገድዳል። ተጽፏል፤ ግን ማን ያነበዋል? ያነበበውስ ሰው «20 ዓመት» የሚል ሲያይ ወኔው ይሰለባል እንጂ አይበረታም።

ከዚህ የሚብሰው የደመወዝ ቅድሚያ ብድር ነው። በየመንገዱ ዳር ቢጫና ቀይ ማስታወቂያ ሰቅለው «ዛሬ ገንዘብ፣ ያለ ጥያቄ» የሚሉትን ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ። አልበርታ በ2016 ባወጣችው ሕግ በየ100 ዶላሩ ይከፈል የነበረውን 23 ዶላር ወደ 15 ዝቅ አድርጋለች፤ ተበዳሪውም ቢያንስ በ42 ቀን ውስጥ ከፋፍሎ እንዲከፍል ፈቅዳለች። ከጥር 2025 ጀምሮ ደግሞ በፌዴራል ደረጃ ጣሪያው 14 ዶላር ሆኗል። 14 ዶላር ትንሽ ይመስላል። ለ2 ሳምንት ብድር ግን በዓመት ሲሰላ ከ360 በመቶ በላይ ነው። አገር ቤት ብንሆን ይህን አራጣ እንለው ነበር፤ በ1960 የወጣው የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግ ሰው ለሰው ሲያበድር በዓመት ከ12 በመቶ በላይ ወለድ እንዳይዋዋል ከልክሏል። እዚህ ግን ፈቃድ ያለው ሱቅ ነው።

ጉልበት የሚያልቀው የት ላይ ነው?

ሰው ዕዳ ለመክፈል ሲነሳ የመጀመሪያው ሳምንት በጋለ ስሜት ያልፋል። ካርዱ በመቀስ ይቆረጣል፣ ቡና ከቤት ይያዛል፣ የቅዳሜ ሽፍት ይጨመራል። ከዚያ ወር ይመጣል። ሁለት ወር ይመጣል። ያ ሁሉ ድካም ተደክሞ ቁጥሩ ከ5,000 ወደ 4,870 ወርዷል። መኪናው በጥር ብርድ ባትሪው ይሞታል፤ ከአገር ቤት አንድ ስልክ ይደወላል፤ እና 4,870 የነበረው 5,300 ይሆናል። «ከንቱ ነው!» ይላል ሰውየው። ስንፍና አይደለም፤ የድካሙን ፍሬ ማየት አለመቻል ነው።

ይህን ነገር ያጠኑ ሰዎች አሉ። በ2012 ዴቪድ ጋልና ብሌክሊ ማክሼን የተባሉ በአሜሪካ የኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በአንድ ድርጅት አማካይነት ዕዳቸውን ለመጨረስ ይሞክሩ የነበሩ ወደ 6,000 ሰዎችን መዝገብ መረመሩ። ያገኙት ነገር የሂሳብ ሊቅን ያስደንቃል። እስከ መጨረሻው የመዝለቅ ዕድላቸው የሰፋው ካሏቸው ዕዳዎች ብዙዎቹን ሙሉ በሙሉ የዘጉት ነበሩ፤ የተዘጋው ዕዳ ትንሽም ይሁን ትልቅ። አንዱን ዕዳ ጨርሶ መዝጋት ሌላውን ለመዝጋት ጉልበት ይሰጣል። የባለሱቁ መስመር ማለት ይህ ነው።

ከዚያ ቀደም ብሎ በ2011 ሞቲ አማርና ባልደረቦቻቸው ያወጡት ጥናት ደግሞ ሌላውን ጎን አሳይቷል። ሰዎች ትንንሹን ዕዳ ለመዝጋት ሲጣደፉ ከፍተኛ ወለድ ያለበትን ትልቁን ስለሚተዉት በጠቅላላው የበለጠ ይከስራሉ አሉ። ታዲያ ማንን እንስማ? በኛ አስተያየት ሁለቱም ልክ ናቸው። አንዱ ስለ ገንዘብ ይናገራል፣ ሌላው ስለ ሰው ልብ። ስለዚህ ሁለቱን አጣምረን እንዲህ እንላለን፦

አንደኛ፣ የደመወዝ ቅድሚያ ብድር ያለበት ሰው ምንም ሳይመርጥ እሱን ያስቀድም። የሚነድ ቤት ነው።

ሁለተኛ፣ የጉዞ ብድር ወለድ የለውም፤ ስለዚህ ትርፍ ገንዘብ አይታከልበት። ነገር ግን የወሩ ክፍያ አንድም ቀን አይለፍ፤ ቤተሰብ ማስመጣት በሱ ላይ ነውና።

ሦስተኛ፣ የቀሩት ካርዶች ወለዳቸው ተቀራራቢ ከሆነ ትንሹ ይቅደም። ሲያልቅ ካርዱ ይዘጋ፣ ወረቀቱ ላይ ከላይ እስከ ታች መስመር ይሰመርበት፣ ማቀዝቀዣው በር ላይ ይለጠፍ። ልጆች ይዩት። የወለዱ ልዩነት ሰፊ ከሆነ ግን፣ ለምሳሌ የአንዱ ሱቅ ካርድ 29 በመቶ፣ የባንኩ ብድር 9 በመቶ ከሆነ፣ 29ኙ ይቅደም።

አራተኛ፣ ዕዳ ከመክፈል ጎን ለጎን ጥቂት መቶ ዶላር ለብቻው ይቀመጥ። «ዕዳ እያለብኝ ምን ገንዘብ አስቀምጣለሁ?» የሚለው ክርክር በወረቀት ላይ ልክ ነው። በካልጋሪ ክረምት ግን ልክ አይደለም። ባትሪ በሞተ ቁጥር ወደ ካርዱ የሚመለስ ሰው ከገንዘቡ ይልቅ ተስፋውን ያጣል።

ዕቁብ ዝቅተኛ ክፍያ የለውም

አሁን ወደ ዋናው ነገራችን እንምጣ። በካናዳም፣ በአሜሪካም፣ በአውሮፓም ኢትዮጵያውያን ባሉበት ዕቁብ አለ። ሰብሳቢ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ ዋስ አለው፣ ዕጣ አለው። ሥራው ቤት ለመግዛት፣ ታክሲ ለመግዛት፣ ሠርግ ለመደገስ እንደሆነ እናስባለን። ለዕዳም መድኃኒት ሊሆን እንደሚችል ግን ብዙ አናነሳም።

ዐሥር ሰዎች በወር 500 ዶላር የሚጥሉበት ዕቁብ አለ እንበል፤ በየወሩ 5,000 ዶላር ይወጣል። ከአባላቱ አንዱ ያ የ19.99 በመቶ ዕዳ አለበት። ጭንቀቱን ገልጦ ሲናገር የመጀመሪያው ዕጣ ለሱ እንዲሆን ይስማማሉ፤ ለቸገረው ሰው ተራ መልቀቅ በዕቁብ ወግ አዲስ ነገር አይደለም። ሰውየው 5,000ውን ተቀብሎ በዚያው ቀን ካርዱን ይዘጋዋል። ከዚያ ለቀሩት ወራት 500 ዶላሩን ያለ ወለድ ለወንድሞቹና ለእኅቶቹ ይጥላል።

ይህ ሰው ያንኑ 500 ዶላር በቀጥታ ለካርዱ ቢከፍል በ11 ወር ገደማ ይጨርስ ነበር፤ ወለዱም 500 ዶላር አካባቢ ነው። ስለዚህ በገንዘብ ያተረፈው 500 ዶላር ነው፤ ቀላል አይደለም፣ ግን ተአምርም አይደለም። ተአምሩ ሌላ ቦታ ነው። ካርዱን ለብቻው ሲከፍል በሦስተኛው ወር ቢደክመው 500ውን ወደ 100 ዝቅ ቢያደርግ ማንም «ለምን?» አይለውም። እንዲያውም ባንኩ ደስ ይለዋል። ዕቁብ ግን ዝቅተኛ ክፍያ የለውም! እሑድ ደርሶ «ዛሬ 100 ብቻ ልጣል» ማለት አይቻልም። ዘጠኝ ሰው ይጠብቀዋል፤ የዋሱ ስም ይጠራል፤ ገንዘቡ ነገ ለእገሊት ልጅ የትምህርት ክፍያ ነው።

ባንኩ «ቀስ በል፣ አትቸኩል» ሲለን የሚያዝንልን ይመስለናል። ዕቁባችን «ዛሬ ጣል!» ሲለን የጨከነብን ይመስለናል። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። የባንኩ ደግነት 9 ዓመት ያስከፍለናል፣ የዕቁቡ ጭካኔ በ10 ወር ነፃ ያወጣናል። ፈረንጁ ተነሳሽነት የሚለውን ነገር ብቻውን ከራሱ ውስጥ ሊያወጣ ይታገላል። እኛ ከመጣንበት አገር ተነሳሽነት በሰው መካከል የሚገኝ ነገር ነበር። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚባለው ለዚህ ነው።

ጥንቃቄ ግን ያስፈልጋል። ቀድሞ ዕጣ የወሰደ ሰው ባለዕዳ ነው፤ ዕዳው ከባንክ ወደ ወዳጅ ዞረ እንጂ አልጠፋም። ካርዱን ዘግቶ እንደገና የሚሞላው ከሆነ ሁለት ዕዳ ይኖረዋል፤ ያውም አንዱ የክብሩን ስም ይዞ የሚጠፋ። ስለዚህ ካርዱ በተከፈለ ዕለት ይቆረጥ፣ ጸሐፊው ደብተሩን በሥርዓት ይያዝ፣ ዋሱም ለወጉ ያህል ስሙን የሚያስጽፍ ሳይሆን መክፈል የሚችል ይሁን። ዕጣው በመጨረሻ የሚደርሰው ሰው ደግሞ ዕቁቡን ለዕዳ ብሎ አይግባ፤ እሱ ተራ ሲጠብቅ ወለዱ ይቆጥርበታልና።

500 ዶላር የማይችል ሰውስ? ሦስት ጓደኛሞች በወር አንድ ቀን ቡና አፍልተው የየራሳቸውን ሂሳብ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጡ። ማን ስንት ቀነሰ? ማን አቃተው? ለምን? ገንዘብ መጣል አያስፈልግም፤ ምስክር መሆን ብቻ ይበቃል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ አበው። ዕዳን የደበቀም እንዲሁ።

አገር ቤት የሚጠብቁን

ስለ ስደተኛ ዕዳ ጽፎ ስለ አገር ቤት ዝም ማለት አይቻልም። ከብዙዎቻችን ካርድ ላይ ያለው ገንዘብ ለቅንጦት የወጣ አይደለም። የእናት ሕክምና ነው፣ የወንድም የትምህርት ክፍያ ነው፣ የአጎት ልጅ ወደ ዓረብ አገር ለመሄድ የተበደረው ነው። በሐምሌ 2024 መንግሥት ብሩን በገበያ እንዲወሰን ሲለቀው አንድ የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ ከ100 ብር አለፈ። የምንልከው ዶላር ብዙ ብር ሆነ፤ ዘይቱና ጤፉም አብሮ ናረ። ጥያቄው አልቀነሰም።

ለእናት «አልችልም» ማለት ከባድ ነው። እዚህ ያለን ሰው ዕዳ አለብኝ ቢል አገር ቤት ያለው ዘመድ አያምነውም፤ ካናዳ ያለ ሰው እንዴት ዕዳ ይኖርበታል? በፎቶግራፉ ላይ እኮ መኪናው አዲስ ነው! መኪናውም የባንኩ መሆኑን የሚነግራቸው የለም። እኛው ራሳችን ነን ፎቶውን የላክነው።

ምክራችን ይህ ነው። ለአገር ቤት የሚላከው ገንዘብ እንደ ቤት ኪራይ በወሩ ወጪ ውስጥ አንድ መስመር ይኑረው፤ መጠኑ ይታወቅ፣ ቀኑም ይታወቅ። 150 ከሆነ 150 ይሁን፣ ሁልጊዜም ይድረስ። አንዴ 600 ልኮ አራት ወር ከመጥፋት ለተቀባዩም ለላኪውም ይሻላል። ከቤተሰቡም መካከል አንድ አስተዋይ ሰው ተመርጦ እውነቱ ይነገረው፤ «እስከ እንቁጣጣሽ ይህን ያህል ዕዳ አለብኝ፣ ስጨርስ እነግራችኋለሁ» ይባል። ብዙ ጊዜ የምንፈራውን ያህል አይቀየሙም። እንዲያውም የሚጸልዩልን እነሱ ናቸው፤ ለምን እንደሚጸልዩ ግን ይወቁ።

መክፈል ከአቅም በላይ ሲሆን

ጽናት ሁልጊዜ አይበቃም። በ2014 የነዳጅ ዋጋ ሲወድቅ አልበርታ ውስጥ ብዙ ሰው ሥራውን አጥቷል። ትናንት በቀላሉ ይከፈል የነበረ ዕዳ ዛሬ የማይከፈል ሊሆን ይችላል፤ የባለዕዳው ጥፋትም ላይሆን ይችላል። በዚህ ጊዜ «እስከ መጨረሻው እታገላለሁ» ብሎ አንዱን ካርድ በሌላው ካርድ መክፈል ጀግንነት አይደለም።

በአልበርታ ማኒ ሜንተርስ የሚባል ለትርፍ ያልተቋቋመ የዕዳ ምክር አገልግሎት አለ። በሱ አማካይነት የሚሠራው ሕጋዊ የዕዳ አከፋፈል ሥርዓት ዕዳዎችን አንድ ላይ ጠቅልሎ ወለዱን በዓመት 5 በመቶ ያደርገዋል። ከ19.99 ወደ 5 ማለት ነው! ሌላው ፈቃድ ባለው የኪሳራ ባለአደራ በኩል ለአበዳሪዎች የሚቀርብ የክፍያ ሐሳብ ነው። የመኖሪያ ቤት ብድር ሳይጨምር ዕዳው እስከ 250,000 ዶላር ለሆነ ሰው የተፈቀደ ሲሆን አበዳሪዎቹ ከተስማሙ ከዕዳው ከፊሉ ብቻ ቢበዛ በ5 ዓመት ይከፈላል፤ ወለዱም ይቆማል። ይህ በሕግ ከኪሳራ የተለየ ነገር ነው። ኪሳራ ማወጅ የመጨረሻው በር ነው፤ ቀደም ብለን እንዳልነው ነፃ እስኪባሉ ድረስ ቤተሰብ ለማስመጣት ዋስ መሆንን ይከለክላል። ቤተሰብ የሚያስመጣ ሰው ማንኛውንም ወረቀት ከመፈረሙ በፊት ይህንኑ ጥያቄ አስቀድሞ ይጠይቅ። «ዕዳህን በግማሽ እናስቀንሳለን፣ ቀድመህ ክፈለን» የሚል ስልክ ሲመጣ ደግሞ ይዝጋው።

እስከዚያው እንዴት እንኑር?

ዕዳ እየከፈሉ ዓመት ሁለት ዓመት መኖር ጾም ይመስላል። ጾምን የምናውቅ ሕዝብ ነን። የምናውቀው አንድ ነገር ቢኖር ጾም ፍቺ አለው፤ መፍቻው ቀን ያልታወቀ ጾም ማንም አይጾምም። ስለዚህ የዕዳችንን ፍቺ ቀን እንወቀው፤ ወሩና ዓመቱ ይጻፍ። በየመሐሉም ትንንሽ ፍቺ ይኑር። አንድ ካርድ በተዘጋ ዕለት ቤተሰቡ 17ኛው አቬኑ ደቡብ ምሥራቅ ወርዶ ከኢትዮጵያ ምግብ ቤቶቹ አንዱ ዘንድ ክትፎ ቢበላ ዕዳው አይናደድም። በዓል አይሰረዝ፤ ይቀንስ እንጂ። ለገናው ዶሮ ቤት ይሠራ፣ ጎረቤትም ይጠራ። ዕዳ ለመክፈል ብሎ ከሰው የሚሸሽ ሰው ዕዳውን የሚከፍልበትን ጉልበት ነው የሚሸሸው።

ማፈርም ይቅር። ክሬዲት ካርድ የሌለበት አገር ተወልዶ፣ በ40 ዓመቱ በሌላ ቋንቋ የተጻፈ ውል ፈርሞ፣ ሌሊት መጋዘን እየሠራ እናቱን የሚያሳክም ሰው ሊያፍር አይገባውም። ሊያፍርስ የሚገባው ዕዳ ያለበትን ወንድሙን እያየ በዐውደ ምሕረትና በመስጊድ ደጃፍ ስለ አዲሱ መኪናው ብቻ የሚያወራ ሰው ነው።

በድሮው ቁራኛ ሰንሰለቱን የሚፈታው ዳኛ ነበር። በዛሬው ቁራኛ ሰንሰለቱን የሚፈታው ባለዕዳው ራሱ ነው፤ ግን ብቻውን ሆኖ ሲፈታው አላየንም። ዘንድሮ አንድ ዕቁብ፣ ወይም የሦስት ሰው ቡና፣ ወይም ቢያንስ እውነቱን የሚያውቅ አንድ ወዳጅ እንያዝ። ዕዳው ገብስ አይደለም፤ ግን ያልቃል።

ቸር እንሰንብት።